ጋሽ ሽቦ ያልሰማው ድምፅ

ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ሬድዮ ጠጋኙ አንድ ብርጭቆ ሻይና ሁለት ቁራጭ ዳቦ በትሪ አድርጎ ከልጁ መኝታ ቤት በር ፊት ባለችው በርጩማ ላይ ያስቀምጣል። በመሃል ጣቱ አንጓ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ አድርጎ፣ በሩን ያንኳኳል። ከዚያ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ማድቤቱ በር ላይ ይቆማል። ስድስቷ እርምጃ ልጁ ያወጣት ሕግ ናት፤ በሩ ሲከፈት አጠገቡ ሰው እንዲቆም አይፈልግም። አባትየው ይጠብቃል። መቀርቀሪያው ቀጭ ይላል፣ በሩ አንድ ክንድ ያህል ይከፈታል፣ አንድ እጅ ይወጣል፣ ትሪው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። እጁን ያየ ቀን አባትየው ሥራ ይገባል። እጁን ያላየ ቀንም ይገባል፤ ብቻ ያን ቀን የብየዳው ካውያ ጣቱን ሳያቃጥለው አይውልም።

በሰፈሩ ጋሽ ሽቦ ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣለት የሱቅ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው ነው። ለምን እንዲህ አልከው ሲባል፣ አንደኛ ሥራው ሽቦ ነው፣ ሁለተኛ እሱ ራሱ ሽቦ ነው፣ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም ይላል። ሱቁ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ቢዘረጋበት ይሞላል። መደርደሪያዎቹ ላይ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሬድዮኖች፣ ሆዳቸው የተከፈተ ቴሌቪዥኖችና በክር የታሰሩ የስልክ ቻርጀሮች ተደርድረዋል። ሠላሳ አራት ዓመት እዚያች ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ አንድ ዘዴ አውርሰውታል፤ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ የተበላሸው መሣሪያ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ከጆሮው ፊት ያለው አጥንት ላይ ያሳርፋል። ብረቱ ድምፁን ያመጣለታል። ትራንስፎርመር ይሁን የላላ ብሎን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይለያል። ለደንበኛ ሁሉ የሚናገራት አንዲት እምነት አለችው። ድምፅ ካለ ምንጭ አለ፤ ምንጩ ካልተገኘ ፈላጊው ሰንፏል ማለት ነው።

ልጁ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀያሽ ነበር። ትንሽ ልጅ ሆኖ የቤቱን ወርድና ቁመት በስንዝር ለክቶ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ስለጻፈ ሰፈሩ ሁሉ ኢንጂነሩ ይለው ነበር። አሁን እንደዚያ ብሎ የሚጠራው የለም። ሰዎች ስለ እሱ ሲጠይቁ እንኳ «ያ ልጅ እንዴት ነው?» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ጫማው አቧራ እንደ ለበሰ ቤት ገባ። የመቀየሻ መሣሪያውን ከነማቆሚያው ሜዳ ላይ ትቶት ነበር የመጣው። ምን ሆነህ ነው ሲባል፣ መሣሪያው ዝዝ ይላል አለ። በሳምንቱ ዝዝታው ከቢሮ ጠረጴዛው ይመጣ ጀመር፤ ከወር በኋላ ከቤቱ ግድግዳ። ቆይቶ ደግሞ በዝዝታው ውስጥ ንግግር አለ አለ። ንግግሩ ምን እንደሚል ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

እናትየው ይህ ሁሉ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ነው የሞተችው። ሬድዮ ጠጋኙ አንዳንዴ፣ እንኳንም ይህን አላየች ይላል። ይልና ወዲያው ይጸጸታል። እሷ ብትኖር ምን መደረግ እንዳለበት ታውቅ ነበር የሚለው ሐሳብ ተከትሎ ይመጣልና።

ዘመድ ሁሉ አስተያየቱን ሰጥቷል። አንዱ ሚስት ይፈለግለት አለ፣ አንዱ ሥራ ፈትቶ ነው አለ፣ አንዱ አባቱ አቅብጦት ነው አለ። የልጁ ታላቅ እህት ብቻ ናት ነገሩን በስሙ የጠራችው። አግብታ በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ርቃ የምትኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ስትናገርም ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፍ ቃል በቃል ነው። «አባዬ፣ ይህ በሽታ ነው። በሽታ ደግሞ ሐኪም አለው» አለች። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። አንደኛውን ልጁ እስከ ጤና ጣቢያው አጥር ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሁለተኛውን መስቀለኛ መንገድ ላይ ከቆመ ታክሲ ወርዶ ጠፋ፤ ከሰዓታት ፍለጋ በኋላ ነው የተገኘው። በሦስተኛው ሁለት ጎረምሳ የአጎቱ ልጆች መጥተው ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙ። በሩን የከፈተላቸው አባትየው ነበር። ልጁ አልጮኸም፣ አልተራገመም። ደጃፉ ላይ እግሩን ተክሎ የአባቱን ፊት ዝም ብሎ አየው። አባትየው ያን አስተያየት መቋቋም አቅቶት፣ ልቀቁት አላቸው። ከዚያ ወዲያ ልጁን አራት ወር ቃል አልወጣውም፤ የስድስት እርምጃዋም ሕግ ያኔ ወጣች።

ከአራት ወሩ ዝምታ በኋላ መጀመሪያ የተናገረው፣ ከበሩ ጀርባ ሆኖ፣ «እኔ አልታመምኩም። የታመመው ቤቱ ነው» የሚል ነበር።

ይህን ቃል እህትየውና አባትየው በየራሳቸው ተረጎሙት። እሷ አለቀሰች። አባትየው ግን ሱቁ ሄዶ ተቀምጦ ሲያሰላስለው ዋለ። ሰው ቢታመም እሱ ምን ያውቃል? ቤት ቢታመም ግን፣ የግድግዳ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ቆጣሪ ቢታመም፣ ከእሱ በላይ ማን ሐኪም አለ? ለጫማ ሰፊው ምንም አልነገረውም። ጫማ ሰፊው ግን ነገር በዓይን የሚገባው ሰው ነውና፣ «ምነው ዛሬ ሎተሪ የደረሰው ሰው መሰልክ?» አለው።

እህትየው በበኩሏ አልተቀመጠችም። በጤና ጣቢያው የአእምሮ ሕሙማንን የምትከታተል አንዲት ነርስ አግኝታ ነገሩን ሁሉ ዘረዘረችላት። ነርሷ በግድ ተይዞ ሊመጣ እንደማይገባ፣ እሱ ካልመጣ እሷ እንደምትመጣ፣ ግን አንዲት «እሺ» ከራሱ አፍ መውጣት እንዳለባት ነገረቻት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለውን ማክሰኞ ቀጠሩ። እህትየው ቀጠሮውን ለአባቷ ስትነግረው እጁን ይዛ ነበር። «አሁን በሩን የሚከፍተው ላንተ ብቻ ነው። ሌላ ሰው የለንም። ይቺን አታበላሽብኝ» አለችው። እሱም፣ እኔ ምን አበላሻለሁ አላት።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሱቁን ዘግቶ ዋለ። ቴስተሩን፣ ፒንሳውንና ሁለት ረጅም ካቻቢቴ በቦርሳ ይዞ፣ ስድስት እርምጃ ርቆ ቆመና፣ «ቤቱን ልፈትሸው ነው። የት የት እንደሚሰማህ ብትነግረኝ ሥራው ይቀለኝ ነበር» አለ።

በሩ ተከፈተ። ልጁ ወጣ። ጢሙ ደረቱ ደርሷል፣ ሸሚዙ የተቆለፈው በአንድ ቁልፍ ነው፤ በእጁ ግን ንጹሕ ባለካሬ ወረቀት ይዟል። የቤቱ ፕላን ነበር። እያንዳንዱ ክፍል፣ በርና መስኮት በልኩ ተሥሏል፤ ዝዝታው የሚበረታበት ቦታ በቀይ፣ የሚደክምበት በሰማያዊ ነጥብ ተመልክቷል። አባትየው ሜትር አውጥቶ የሳሎኑን ወርድ ለካ። በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው አንዲት ሴንቲ ሜትር አልተለየም። የልጁ እጅ እንዳለ ነው፤ ሙያው እንዳለ ነው። አባትየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አራት ቀን አብረው ሠሩ። ልጁ መሰላል ይይዛል፣ ብሎን ይቀበላል፣ አባትየው ሳይጠይቀው ትክክለኛውን ካቻቢቴ ያቀብላል። ሁለቱም ካቻቢቴያቸውን ጆሯቸው ሥር ደግነው ግድግዳውን ሲያዳምጡ ላየ ሰው፣ ቤቱን ለመዝረፍ የመጡ ሁለት ጨዋ ሌቦች ይመስላሉ። አባትየው ይህን ጮክ ብሎ ተናገረው፤ ልጁም ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር፣ ከአፍንጫ የወጣ፤ አባትየው ግን ያን ሳቅ ሱቁ ድረስ ይዞት ሄደ። ምሳ በአንድ ገበታ በሉ። ስድስቷ እርምጃ ሳትሻር ተረሳች።

በአራተኛው ቀን አባትየው ኮርኒሱ ላይ፣ ድሮ የተነቀለ ፍሎረሰንት መብራት ትቶት የሄደ ባላስት፣ መብራቱን የሚያስነሳውን ትንሽ ሣጥን፣ አገኘ። ማንም ሳያስበው ከሽቦው ጋር እንደተገናኘ ቀርቷል። ካቻቢቴውን ሲያስጠጋበት ዝዝ ይላል፤ እንደማንኛውም አሮጌ ባላስት። አባትየው ቆርጦ አወጣው፣ አቧራውን በሱሪው ጠረገው፣ እንደ አዲስ የተወለደ ሕፃን በሁለት እጁ አድርጎ ከመሰላሉ ወረደ።

«ይኸው። ይህ ነው» አለ።

ልጁ ባላስቱን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አገላበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አንተም ሰማኸው?» አለ።

አባትየው ባላስቱን ነው የሰማው። ሌላ ምንም አልሰማም። በቤቱ ሁሉ፣ በቀይ ነጥቦቹ ሁሉ ላይ ካቻቢቴውን ደግኖ ያዳመጠው ዝምታን ነበር። ግን የልጁን ፊት አየ፤ ያ ፊት በሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ተፈቶ አያውቅም።

«ሰማሁት» አለ።

ልጁ ሁለት ሌሊት ተኛ። አባትየው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ጫማ ሰፊውን ጠርቶ፣ ልጁ እንደ ዳነ ነገረው፤ ሠላሳ አራት ዓመት የለፋበት ሙያ ለዚህ ኖሯል አለ። ጫማ ሰፊው መርፌውን ቆዳው ላይ ሰካና፣ «አንተ እኮ የሞተ ሬድዮ ታስነሳለህ። እሱ ግን ሬድዮ አይደለም፣ ጋሽ ሽቦ» አለው። ወዲያው ነገሩን በሳቅ ሊሸፍነው ሞከረ። አባትየው ቀኑን ሙሉ አኮረፈው።

በሦስተኛው ቀን ዝዝታው ተመለሰ። አሁን ግን ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። እስከዚያ ድረስ ብቻውን ነበር፤ አሁን ምስክር አለው። ሶኬቶቹ ይነቀሉ አለ፣ ተነቀሉ። ማብሪያ ማጥፊያው ይነሳ አለ፣ ተነሳ። ፊውዙ ይውጣ አለ፣ ወጣ። ራታቸውን በሻማ ይበሉ ጀመር። አባትየው ፊውዙን ሲያወጣ ልቡ ስንጥቅ ብሏል፤ ግን ልጁ በገበታው ማዶ ተቀምጦ እየበላ ነው፣ ጨው አቀብለኝ ይለዋል፣ ስለ ድሮ ሥራው ያወራዋል። እህትየው ልትጠይቃቸው መጥታ የተነቀሉትን ሶኬቶች አንድ በአንድ አየች፤ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ልጇን ከትምህርት ቤት እንደምታወጣ ተናግራ ሄደች።

ማክሰኞ መጣ። ነርሷ አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበረች። ነጭ ጋዋን አልለበሰችም፤ ስትመጣም እንደ ጎረቤት ኩርሲ ስባ ነው የተቀመጠችው። ልጁ ሳሎን ወጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፣ ይህም አባቱንና እህቱን አስደነቀ። ስለ ቅየሳ ጠየቀችው፣ መለሰላት። ስለ እንቅልፍ ጠየቀችው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚተኛ በቁጥር ነገራት። ቢያንስ ስለ እንቅልፉ አንድ ነገር ማድረግ እንደሚቻል፣ ሐሙስ ጤና ጣቢያ ቢመጣ ሐኪሙ ዘንድ አብራው እንደምትገባ፣ መውጣት በፈለገ ሰዓትም በሩ ክፍት እንደሆነ አስረዳችው። ልጁ ጉልበቱን እያሻሸ አሰበ።

«አንቺ ይሰማሻል?» አላት።

ነርሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከልቧ አዳመጠች። «እኔ አይሰማኝም። አንተን ግን እንደሚያሰቃይህ አያለሁ» አለችው።

ልጁ አልተቆጣም። እንዲያውም ይህን መልስ የጠበቀው ይመስል ነበር። ወደ አባቱ ዞረና፣ «አባዬ፣ ንገራት። በእጅህ እኮ ነው ያወጣኸው» አለ።

ሦስቱም አባትየውን አዩት። ባላስቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ልጁ እንደ ማስረጃ አስቀምጦት። አባትየው አፉን ከፈተ፣ «አንድ ባላስት ነበረ...» አለና ምላሱ ተሳሰረ። ዝም ማለት መስማማት ነው ይባላል፤ የእሱም ዝምታ እንደዚያው ተቆጠረ። ልጁ ተነሣ። «አያችሁ? በሉ ቤቱን የሚያክም ሰው ካላችሁ አምጡልን» ብሎ መኝታ ቤቱ ገባ። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

ነርሷ ስትወጣ አባትየው እስከ አጥሩ ሸኛት። እንድትወቅሰው ጠብቆ ነበር፤ አልወቀሰችውም። «አባት፣ የለም ብለው አይከራከሩት። አለ ብለውም አይመስክሩለት። እርስዎ የሚሰሙትን ብቻ ይንገሩት» አለችው። ቀላል ነገር ነበር። ሄዶ በሩን አንኳኩቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። ነገ እነግረዋለሁ አለ። በማግሥቱ ግን ልጁ ለምሳ ወጣ፣ ጨው አቀብለኝ አለው፣ አባትየውም አቀበለው። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ቀን ነገ አለ።

በአሥረኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አጥር የምትጋራቸው ፀጉር ሠሪ ሱቁ ድረስ እየሮጠች መጣች። የፀጉር ማድረቂያዎቿ ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ፤ ልጁም ቀዩን ነጥብ ከአጥሩ ማዶ አውርዶታል። የአባቱን ፒንሳ ይዞ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ ከቆጣሪዋ የሚወጣውን መስመር ሊቆርጥ ገብቷል። የፒንሳው አንዱ እጀታ ላስቲኩ ካለቀ ቆይቷል። አባትየው ፕላስተር ጠምጥሞበት ነበር፤ ፕላስተሩም እየተላጠ ሲሄድ፣ ለራሱ ሥራ ስለሚጠነቀቅ፣ ዛሬ ነገ ሲል ትቶታል። ፀጉር ሠሪዋ አልተቆጣችም። «ኮረንቲው ጣለው፣ ጋሽ ሽቦ። ግን ተነሥቷል። እኔን ይቅርታ እየጠየቀኝ ነው» አለችው።

የቀኝ መዳፉ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ትንሿ ጣት ተቃጥሏል። ለእጁ ሲሆን ጤና ጣቢያ ለመሄድ አላንገራገረም። እጅ ሌላ ነው። ያችው ነርስ አጥባ፣ ቀብታ፣ በፋሻ ጠቀለለችለት፤ በሦስት በሦስት ቀን መቀየር አለበት አለች። ልጁ ፋሻውን ብቻ እያየ አመሰገናት። ስለ ሌላው ነገር ማንም አላነሣበትም።

ቤት ሲደርሱ ልጁ ሳሎን ተቀመጠና በግራ እጁ ባለካሬውን ወረቀት ዘረጋ። ፕላኑ አድጓል። ቤቱ በመሃል ሆኖ፣ አጥሩ፣ የፀጉር ቤቱ፣ መንገዱ፣ ከመንገዱ ዳር ያለው የመብራት ምሰሶም ገብተዋል። ምሰሶው በቀይ ተከቧል። ቁመቱ ዘጠኝ ሜትር ከሃያ ተብሎ ተጽፏል።

«ስህተቴ ዳር ዳሩን ማለቴ ነው። ሥሩ እዚህ ነው። ነገ መሰላሉን ትይዝልኛለህ» አለ።

ድምፁ የተረጋጋ ነበር። ነገ ገበያ አብረን እንሂድ እንደሚል ሰው። አባትየው የምሰሶውን ሽቦ ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ከሱ በታች፣ እሱን እየፈራ ነው። ያ ሽቦ እንደ ፀጉር ሠሪዋ መስመር ጥሎ አይተውም። ባለፋሻዋን እጅ አየ። እውነቱን ከነገረው በኋላ የሚሆነውንም አወቀ፤ ልጁ ጨው አቀብለኝ እንደማይለው፣ በገበታው ማዶ ያለችው ወንበር ባዶ እንደምትሆን። እያወቀ ተናገረ።

«የኔ ጌታ፣ እኔ አልሰማውም» አለ።

ልጁ ከወረቀቱ ላይ ቀና አላለም።

«ባላስቱ የራሱ ድምፅ ነበረው፤ ያንን ሰማሁ። እሱን ማንም ይሰማዋል። አንተ የምትሰማውን ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። በቀዮቹ ነጥቦች ሁሉ አዳምጫለሁ። ሰማሁ ያልኩህ ዋሽቼ ነው።»

«ለምን?»

አባትየው ብዙ ምክንያት ሲደረድር የኖረ ሰው ነው። ያን ሰዓት አንዱ ብቻ ቀረው። «አብረኸኝ እንድትበላ» አለ።

ልጁ ወረቀቱን አጣጠፈ። በአንድ እጅ ስለሆነ ጊዜ ወሰደበት፤ ጠርዝ ከጠርዝ እስኪገጥም አልለቀቀውም። ከተነሣ በኋላ በሩ ጋ ቆመ። «እኔ'ኮ ሁለት ነን ብዬ ነበር» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። አባትየው ቁጣ ቢሆን ይመርጥ ነበር።

አባትየው በዚያው ቀን መሰላሉን ተሸክሞ ጫማ ሰፊው ሱቅ ወሰደና ቆልፍልኝ አለው። ጫማ ሰፊው ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። መሰላሉን ከጀርባው አቁሞ፣ የራሱን ቁልፍ አጠለቀበትና፣ «ሻይ ጠጥተሃል?» አለው። አልጠጣሁም አለ። ጠጡ።

በማግሥቱ ትሪው እንደተቀመጠ ዋለ። በሁለተኛው ቀንም፣ በሦስተኛውም። አባትየው ስድስት እርምጃ ርቆ እየቆመ ይጠብቃል፤ ሻይዋ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራባታል፣ እጅ አይወጣም። ልጁ የሚበላው እህቱ በላስቲክ እንደታሸገ በመስኮት የምታቀብለውን ብስኩት ብቻ ሆነ። እህትየው መስኮቱ ሥር ቆማ ስታወራው፣ አባትየው ማድቤት ሆኖ ይሰማታል፤ ስለ ተማሪዎቿ ታወራለታለች፣ አንዱ ተማሪ ሰማዩን አረንጓዴ ሥሎ ለምን ሲባል ቀለሜ ያለቀብኝ እዚያ ነው እንዳለ። ልጁ ይሳቅ አይሳቅ ከማድቤት አይሰማም። አባትየው ሶኬቶቹን መልሶ ገጠመ፣ ፊውዙንም መለሰ። መብራቱ ሲበራ ቤቱ የሌላ ሰው ቤት መሰለው።

ለእህትየው ያደረገውን ሁሉ ነገራት። ባላስቱን፣ «ሰማሁት» ያለውን፣ ዘጠኙን ቀን። ትጮኽብኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን የጠረጴዛውን ልብስ እያስተካከለች ቆየችና፣ «እኔም ብሆን ሰማሁ እለው ነበር፣ አባዬ» አለች። ቀጥላም፣ «ብቻ ሌላ ጊዜ ቀደም ብለህ ንገረኝ» አለች።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ነርሷ መጣች። ፋሻው መቀየሪያው ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። አባትየው ወደ ሳሎን ሊያስገባት ሲል፣ እሷ ቀጥ ብላ ኮሪደሩን ገባችና በርጩማዋ ላይ ያለውን ትሪ አንሥታ ወለል ላይ አደረገች፤ እዚያው ተቀመጠችበት። መድኃኒቷን ጭኗ ላይ ዘረጋች። አላንኳኳችም። «እኔ ነኝ። የመጣሁት ለእጅህ ነው፤ ለሌላ አይደለም» አለች።

አባትየው ማድቤቱ በር ላይ ነበር። ነርሷ ቦርሳዋን ከፍታ ፋሻ ቆረጠች፣ ፕላስተር ቆራርጣ በጣቷ ጫፍ ላይ ለጠፈች። መንገድ ላይ ሻጭ አለፈ። የፀጉር ሠሪዋ ማድረቂያ ተነሥቶ ቆመ። ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ። ነርሷ ሰዓቷን አላየችም፤ አባትየው ነው ያየላት።

መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። በሩ አንድ ክንድ ያህል ተከፈተ፣ የቆሸሸ ፋሻ የተጠቀለለባት እጅም ወጣች፤ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ እስከ ክርኗ ብቻ። ነርሷ እጁን በጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ፋሻውን በውኃ እያራሰች ቀስ በቀስ ፈታች። አንዱ ጠርዝ አመርቅዟል፤ አጠበችው። እጁ አንድ ጊዜ ደንገጥ ብሎ መልሶ ረጋ። አባትየው ጣቶቹን አያቸው። ረጃጅም፣ ጥፍራቸው ያደገ፣ እርሳስ የሚይዙበት ቦታ ላይ ቆዳቸው አሁንም ጠጠር ያለ ናቸው።

«ሌሊት ያስተኛሃል ሕመሙ?» አለች ነርሷ።

«እጄ አይደለም እንቅልፍ የሚነሳኝ» አለ ልጁ።

«እሺ» አለች። አዲሱን ፋሻ ጠቅልላ፣ ፕላስተሩን ለጥፋ፣ እጁን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሰው መልሳ ሰጠችው። «ጠርዙ ስላመረቀዘ ቶሎ ይቀየራል፤ ሐሙስ እመጣለሁ» አለችው። እጁ ገባ፣ በሩ ተዘጋ።

ነርሷ ስትሄድ አባትየው ትሪውን አንሥቶ መልሶ በርጩማዋ ላይ አደረገው። ሻይዋ ቀዝቅዛለች። ሌላ አፍልቶ ቀየረው፣ ሁለት ጊዜ አንኳኩቶ ስድስት እርምጃ ራቀ። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ቆመ፤ እጅ አልወጣም። ሱቅ ገብቶ ሥራውን ቀጠለ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ፋሻው እንደገና ይቀየራል።